ውኃው ስንት ይመዝናል?

በቫልፓራይሶ ወደብ፣ በዓሣው ገበያ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ቆምኩኝ ከመለኪያ።
ምላሴ ኮልታፋ ነው፤ እጄ ግን አይዋሽም፤
ከሰው ግራም ዘርፌ በሰላም አላመሽም።
ለዚህ ይሆናል፣ በጡረታዬ በሁለተኛው ዓመት፣
ማዘጋጃ ቤቱ ጠርቶ ያስቀመጠኝ ለሸንጎ ዳኝነት።

ሦስት ነን። ኡባልዲና፣ ማተሚያ ቤት ፊደል ስትለቅም ያረጀች፣
አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትዛነፍ እንቅልፍ የምታጣ ነች።
ኤሊሴዮ፣ ጠበቃው፣ አንቀጹን እንደ ዳዊት የሚደግም፣
ጢሙ ገና ያልጠና፣ ሲከራከር የማይደክም።
ሦስተኛው እኔ ነኝ፣ ሄሪበርቶ ባለ ሚዛኑ።

የቀረበልን ክስ ዐሥር ቃል ነው፣ ዐሥር ብቻ።
ላይኛው ሰፈር ነዶ ባደረ ማግስት፣ አመዱ ሳይበርድ፣
ፋውስቲኖ፣ የምክር ቤቱ አባል፣ በስልኩ የለቀቀው፦
«እሳቱ ከየት እንደመጣ እኔ አልናገርም፤
ከላይ የሰፈሩት ግን ራሳቸው ያውቃሉ።»

ስድብ የለበትም። ስም አልጠራም።
ውሸት ነው እንዳትል፣ ምንም አላለም።
እስከ ማታ አርባ ሺህ ሰው ተቀባበለው፤
አንዱ «ግልጽ ነው» ሲል፣ ሌላው ክብሪት ሣለው።
ሌሊት አራት ጎረምሶች ዳገቱን ወጥተው
የኖልቪያን የዳቦ ጋሪ በደረጃው ለቀቁት ገፍተው።
ከአፍ የወጣ አፋፍ፣ ይባላል።
እኛ ከተማ አፋፉ ላይ ሰው ይኖራል።

ኖልቪያ ቀረበች፣ የጋሪዋን ብሎን በመሐረብ ቋጥራ።
«እሱ ጋሪዬን አልነካም፤ አውቃለሁ» አለች ሳትፈራ፣
«ብቻ ልጆቹ ሲመጡ
ከስልካቸው ጮክ ብለው እያነበቡ ነበር።»

ኡባልዲና መነጽሯን አወለቀች፦
«ጥፋቱ ያለው ‹ግን› ላይ ነው።»
«‹ግን› ማለት በየትኛው አንቀጽ ተከለከለ?» አለ ኤሊሴዮ።
«በየትኛውም። ለዚህ አይደል ሦስት ሰው ያስቀመጡት?»

እኔ ስለ ዓሣ አሰብኩ።
ነጋዴ ዓሣውን በውኃ አርሶ ያመጣል፤
ዓሣው ዓሣ ነው፤ ሚዛኑ ሚዛን ነው፤ ውኃው ግን ይመዝናል።
ቅርጫቱን አዘንብዬ፣ ጠብታው እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፣
«ዓሣህ ይኼ ነው፤ የቀረው ባሕሩ ነው» እለዋለሁ።
የቃልን ውኃ በምን ላንጠፍጥፈው?
አርባ ሺህ ጣት የጨመረውን ከዐሥሩ ቃል በምን ልለየው?
ወይስ ውኃ እንደሚጠጣ እያወቀ ነው ቅርጫቱን የነከረው?

በሦስተኛው ቀን ኤሊሴዮ
ጽሑፉን የወደዱትን ሰዎች ዝርዝር ከፈተ።
አውራ ጣቱ ስም እየገፋ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ።
ቀና ብሎ አየኝ።
ሄሪበርቶ። የእኔው ፎቶ፣ ከነሚዛኔ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሩብ።

ጭሱ ጉሮሮዬን አንቆኝ እንቅልፍ ያጣሁባት ሌሊት ነበረች።
ማንበቤ ትዝ ይለኛል። መንካቴ አይታወሰኝም።
ጣት ቀላል ናት፣ ላባ ናት፤
እንኳን ኪሎ፣ ግራም አትሞላም ያልኳት
ስንት ጠብታ ጨመረች?

«ከዳኝነቱ እወርዳለሁ» አልኩ።
«አንተ ወርደህ ማን ሊቀር?» አለች ኡባልዲና፣
«ከተማው ሁሉ ጣት አለው።»
ደንብ ደንብ ነው፤ ወረድኩ።
ሁለቱ አንድ ለአንድ ቀሩ፤ ፍርዱ እስከ ዛሬ ተንጠልጥሏል፤
ፋውስቲኖ አዲስ ፎቶ ለጥፏል፣ ፈገግ ብሏል።

ቅዳሜ ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባቱን ደረጃ ወጣሁ።
ኖልቪያ ጋሪዋን ትጠግናለች።
የምነግራት ነበረኝ፤ ከአፌ ሳይወጣ
«ይኼን ያዝልኝ» ብላ ጎማውን አቀበለችኝ።
ድሮ እጄ ገና ሲነካ ይነግረኝ ነበር፣
ይኼ ስንት ኪሎ፣ ያ ስንት።
ያን ቀን ዝም አለ።
«ጠበቅ» አለች፣ ቀና ሳትል።
ጠበቅ አደረግሁ።